የሠላሳ አንድ ቁጥር ልጅ

አምባሳደርን ያስወሰዱት አሥራ አንድ ፊርማዎች ናቸው። ወረቀቱን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ የግቢያችን በር ላይ በሚስማር ተመትቶ ሰንብቷል። አናቱ ላይ «ቡናማ፣ ጅራቱ ነጭ፣ ያለ ሰዓቱ የሚጮኽ» ተብሎ መልኩ ተጽፎ፣ ከሥሩ ጎረቤቶቻችን ተራ በተራ ፈረሙበት። አምባሳደር ውሻ ነበር። ስሙን ያገኘው ምንም ሥራ ሳይኖረው በየቤቱ እየተጋበዘ ስለሚበላ ነው። ፊርማው በሞላ በሳምንቱ ከማዘጋጃ ቤት ሁለት ሰዎች መጡ። አንደኛው ወረቀቱን ከሚስማሩ ነቅሎ አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ሌላው አምባሳደርን በገመድ ጎትቶ መኪና ላይ ጫነው።

«የት ነው የምትወስዱት?» አልኩት ባለ ገመዱን።

«ወደሚመለከተው ክፍል» አለኝ።

አሥር ዓመቴ ነበር። ስለ ፊርማ የማውቀው ይህንኑ ብቻ ነው፦ ሰዎች የአንድን ፍጡር ነገር ወረቀት አናት ላይ ጽፈው ከሥሩ ከፈረሙ፣ ያ ፍጡር ይወሰዳል።

ይህን የማነሣው ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር የሚወራው ሌላ ስለሆነ ነው። «ይቺ ናት እኮ በኮሌታዋ ሕገ መንግሥት ያሻሻለችው» ብሎ አንዱ ይጀምርና ሌላው ይቀጥላል፤ በየዓመቱ ኮሌታዬ ትልቅ፣ እኔ ትንሽ እየሆንኩ እንሄዳለን። ባለፈው ጊዜ ስድስት ዓመቴ ነበር ተባለ። ውሸት ነው። ሕገ መንግሥት በኮሌታ አይሻሻልም። የሚሻሻለው በፊርማ፣ በክርክር፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅና ሰው እስኪሰለቸው ድረስ በመመላለስ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ ቃለ ጉባኤውን ከምክር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አስወጥቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። ኮሌታ የሚል ቃል የለበትም።

እናቴ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ምልክት አድራጊ ነበረች። ማጠቢያው ምድር ቤት ነው፤ ደረጃውን ስትወርጂ በመጀመሪያ ሙቀቱ፣ ቀጥሎ በረኪናው፣ ቀጥሎ የማሽኖቹ ጩኸት ይቀበልሻል። ከየክፍሉ የሚመጣው አንሶላ፣ የትራስ ልብስና ጋዋን ተቀላቅሎ ስለሚታጠብ ከመታጠቡ በፊት እያንዳንዱ ጨርቅ ጠርዙ ላይ የክፍሉ ቁጥር መኖር አለበት። እናቴ በጎማ ማኅተም፣ በትንሽ ጠርሙስ በሚመጣ ጥቁር ቀለም፣ ጨርቁን በግራ እጇ ወጥራ በቀኟ ትመታዋለች። ቀለሙ ተቀቅሎ፣ በረኪና ተነክሮ፣ በካውያ ተተኩሶም አይለቅም። ሠራተኞቹም የየራሳቸው ቁጥር ነበራቸው፤ ያጣጠፉት ጥቅል ላይ ይመቱታል፣ የተበላሸ ነገር ከተገኘ ባለቤቱ እንዲታወቅ። እናቴ ሠላሳ አንድ ነበረች። እዚያ ታች ስሟን የሚጠራት አልነበረም።

ምልክት ሳይኖረው የተገኘ ጨርቅ ደግሞ ጥግ ላይ ወዳለው የብረት መደርደሪያ ይሄዳል። መደርደሪያው ላይ «ያልታወቀ» ተብሎ ተጽፏል። ሦስት ወር ይጠበቃል። የእኔ ነው የሚል ክፍል ካልመጣ ይቀደድና የወለል መወልወያ ይሆናል። ከትምህርት ቤት መልስ የቤት ሥራዬን የምሠራው እዚያ መደርደሪያ ሥር፣ የጋዋን ቅርጫት ላይ ተቀምጬ ነበርና፣ ሙሉ አንሶላ ሲቀደድ የሚያሰማውን ድምፅ አሳምሬ አውቀዋለሁ።

የነገሩ መነሻ አምስተኛ ክፍል ስጨርስ ነው። የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ እናቴን አስጠራት። ለስድስተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ለመመዝገብ የዜግነት ቁጥር ያስፈልጋል።

«ቁጥር ከሆነ የኔ አለ» አለች እናቴ።

«የእርስዎ አይሠራም፤ የአባት ነው የሚጠየቀው።»

«አባቷ የውጭ አገር ሰው ነው፤ ከሄደም ቆይቷል።»

«እንግዲያው የአባቷን አገር ይጠይቁ» አለ ጸሐፊው ብዕሩን እየከደነ።

አባቴ ድልድይ ሊሠራ መጥቶ፣ ድልድዩን ጨርሶ የሄደ ሰው ነው። ድልድዩ ጥሩ ድልድይ ነው፤ እስካሁን አለ። የእሱ አገር እዚያ ያልተመዘገበ ልጅ አያውቅም፣ የእናቴ አገር ደግሞ ከእናት የሚመጣ ልጅ አያውቅም ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ አሥራ አንድ «ከዜጋ አባት የተወለደ ዜጋ ነው» ብሎ ያበቃል። ስለ እናት ክፉም ደግም አይልም። ያኔ ይህንን አላውቅም። ያየሁት እናቴ ባዶውን ቅጽ ተቀብላ ጫፉን ከጫፉ አግጥማ ለአራት ስታጥፈው ነው። እናቴ ወረቀትን እንደ አንሶላ ካጠፈች ተቆጥታለች ማለት ነው።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት ጠበቃ እናቴ ጋ መምጣት ጀመረች። ወጣት ናት፤ ከራሷ የሚበልጥ ቦርሳ ተሸክማ በምሳ ሰዓት ምድር ቤት ትወርዳለች፣ መነጽሯን እንፋሎቱ ያለብሰዋል፣ ትጠርገዋለች፣ መልሶ ያለብሰዋል። ከቦርሳው የምታወጣው ወረቀት ነው። እናቴ ወረቀቶቹን ከታጠፉ አንሶላዎች መሐል እየከተተች ከጥቅሉ ጋር ወደየክፍሉ ትልካለች፤ በማግስቱ ከቆሻሻው ልብስ ጋር በጋሪ ይመለሳሉ፣ ተፈርመው።

«ሠላሳ አንድ!» ይላል የቦይለሩ ሠራተኛ ጋሽ እንፋሎት፣ የማሽኑን ጩኸት በልጦ። ሰውዬው ከዕድሜውም ከሰውነቱም የሚገዝፍ ድምፅ ነበረው። «ከቀዶ ጥገና ክፍል ሃያ ስምንት መጣ! ሐኪሞቹ ፈርመዋል፣ አንሶላውን ግን ጉድ አድርገውታል።»

«ፊርማው ላይ ካልደረሰ አንሶላው ይበላሽ» ትላለች እናቴ ቀና ሳትል።

አንድ ቀን አንዱ ወረቀት ከጋሪ ላይ ወድቆ አነሣሁት። አናቱ ላይ የእኔ ስም አለ። ከስሜ አጠገብ የእኔ ፎቶ፤ የትምህርት ቤቱ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የተነሣሁት። ከፎቶው ሥር አርባ መስመር፣ አርባ ፊርማ። ብስኩት የምትሰጠኝ ነርስ ፈርማለች። የሕፃናት ክፍል ዘበኛ ፈርሟል። በመጀመሪያው መስመር ላይ የማላጣው የተንጋደደ ጽሑፍ ተቀምጧል።

«ጋሽ እንፋሎት» አልኩ ቦይለሩ ጋ ሄጄ፣ «እርስዎም ፈርመዋል?»

«መጀመሪያ የፈረምኩት እኔ ነኝ እንጂ!» አለ ደረቱን ነፍቶ። «አንቺን በሚመለከት ማን ሊቀድመኝ?»

ምን አድርጌው እንደሆነ ሦስት ቀን አሰብኩ። አንድ ጊዜ የብርድ ልብስ ማድረቂያው ውስጥ ገብቼ ተኝቻለሁ። አንድ ጊዜ ኮፍያውን ነጭ ቀለም ቀብቼበታለሁ። ያ ሁሉ ሰው የሚፈርምበት ግን አልመሰለኝም።

ቀሪውን የሰማሁት ከካውያ ማሽኑ ጀርባ ሆኜ ነው። ጠበቃዋና እናቴ የተገለበጡ ቅርጫቶች ላይ ተቀምጠው ምሳ ይበላሉ።

«እትዬ፣ ፊርማው ሊሞላ ነው» አለች ጠበቃዋ። «አሁን ልጅቷን ምክር ቤት ማቅረብ አለብን።»

«ትፈራለች።»

«ትፍራ። ወረቀት ብቻ ካዩ ስለ ወረቀት ይከራከራሉ። እሷን ሲያዩ ይለያል። ከዚያ በኋላማ ነገሩ ከእጃችን ይወጣል፤ የሚወስኑት እነሱ ናቸው።»

እናቴ ማኘኳን ያቆመች መሰለኝ።

«መቼ ነው?»

«በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት።»

«ነጩን ሸሚዝ አለብሳታለሁ» አለች እናቴ።

አምባሳደርን እንኳ ማንም ነጭ አላለበሰውም።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ዛሬ ሳስበው አላፍርበትም፤ በያዝኩት መረጃ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። አምባሳደርን የወሰዱት ወረቀቱን ከሚስማሩ ነቅለው ነው። ወረቀት ከሌለ መውሰድ የለም። ስለዚህ ከጋሪው ላይ ያገኘኋቸውን አራት የተፈረሙ ወረቀቶች አጥፌ፣ ምልክት የሌለው የትራስ ልብስ ውስጥ ከትቼ፣ «ያልታወቀ» መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። ማጠቢያው ውስጥ ከዚያ የተሻለ መደበቂያ የለም። እዚያ የተቀመጠን ነገር ሦስት ወር ሙሉ የሚነካው ሰው አይኖርም።

እናቴ መቶ ስድሳ ፊርማ እንደጎደላት ያወቀችው በማግስቱ ነው። ጋሪ ገለበጠች፣ ከማሽን ሥር ተንበረከከች፣ ጋሽ እንፋሎትን አስምላ መረመረችው።

«ወረቀት እበላለሁ እንዴ?» አለ ሰውዬው ተቀይሞ።

«ቦይለሩ ይበላል።»

«ቦይለሬ ስድ አይደለም!»

ከዚያ እናቴ ጋዋኗን አውልቃ፣ አዲስ ወረቀት ይዛ፣ በምሳ ሰዓቷና ከሥራ በኋላ ራሷ ደረጃውን ትወጣ ጀመር። አምስት ፎቅ፣ ሦስት ቀን፤ አሳንሰሩ ለሕሙማን ብቻ ነው። ማታ እግሯን ባልዲ ውስጥ ነክራ ስትቀመጥ አየኋት። ልቤ በሁለት ተከፈለ። ለእሷ አዘንኩ፤ ግን ደግሞ እኔን ለማስወሰድ ይህን ያህል መድከሟ ገረመኝ።

ሰኞ ከሰዓት፣ ማለትም በዋዜማው፣ ሁሉም ዕቃ ለማራገፍ ወደ በሩ ሲወጣ እኔ ምልክት ማድረጊያው ጠረጴዛ ጋ ቀረሁ። ነጩ ሸሚዝ ተተኩሶ እዚያው ተሰቅሏል። የእናቴን የራሷን ማኅተም አነሣሁ። ቀለሙን ነከርኩ። እንደምታደርገው ጨርቁን በግራ እጄ ወጠርኩና የኮሌታው ውስጠኛ ክፍል ላይ መታሁ፦ ሠላሳ አንድ። ከዚያ ካልሲዎቼን። ከዚያ የደብተር ቦርሳዬን። ካኔቴራዬን። በመጨረሻ እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴ ላይ። ሎጂኩ ግልጽ ነው፤ ወደየትም ቢወስዱኝ፣ ከማንም ልጅ ጋር ብቀላቀል፣ አንድ ቀን የሚያራግፈኝ ሰው ቁጥሩን አይቶ ወደ ቤቴ ይልከኛል። ምልክት ያለው ዕቃ ሲቀደድ አይቼ አላውቅም።

የምክር ቤቱ አዳራሽ ከጠበቅሁት ያነሰ ነበር። የፈረስ ኮቴ የመሰለ ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን አሥራ አምስት ሰዎች፣ በየፊታቸው ብርጭቆ ውኃና ማይክሮፎን። ገመድ የያዘ ሰው ፈለግሁ፤ የለም። በሩ ላይ ግን ጥበቃ ቆሟል፣ ስለዚህ እሱ ነው ብዬ ወሰንኩ። ዛሬ ያ ስብሰባ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሕዝባዊ መድረክ እንደነበረ አውቃለሁ። ሠላሳ ሺህ ዜጎች ፈርመው ያቀረቡት የማሻሻያ ሐሳብ ለምክር ቤት ከመቅረቡ በፊት ኮሚቴው ባለጉዳይ መስማት አለበት። ከሠላሳ ሺሁ ሁለት ሺህ ሦስት መቶውን አንዲት ሴት ከምድር ቤት ሆና በአንሶላ መሐል እንደሰበሰበችው ግን የትም አልተጻፈም፤ እኔ እየጻፍኩት ነው።

እናቴን ወደ ማይክሮፎኑ ጠሯት። ቁልፉን ተጫኚ ሲሏት በመዳፏ መታችው፤ የልማድ ነገር ነው። ቀዩ መብራት በራ።

«ስምዎንና ሥራዎን ይንገሩን» አለ ሰብሳቢው። ሽማግሌ ነው፤ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

ስሟን ተናገረች። «ምልክት አድራጊ ነኝ።»

«ይቅርታ፣ ምን የሚሠራ ነው?»

«የጠፋ ዕቃ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ነው የምሠራው።»

ከሰብሳቢው በስተግራ፣ ጣቱ ላይ ወፍራም ቀለበት ያደረገ ሰው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «ወይዘሮ፣ ጥያቄዎን ተረድተናል። ነገር ግን ሕገ መንግሥት እኮ እንደ አንሶላ በየሳምንቱ አይታጠብም።»

«ልክ ብለዋል» አለች እናቴ። «እኔም በየሳምንቱ አላልኩም። ሠላሳ ዓመት ሳይታጠብ የቆየ አንሶላ ላይ ግን እርስዎ ይተኛሉ?»

ቃለ ጉባኤው እዚህ ጋ በቅንፍ «ሳቅ» ይላል። የሳቁት ግን አሥራ አራቱ ናቸው፤ ባለ ቀለበቱ አልሳቀም። ቀለበቱን አንድ ዙር አዞረውና እናቴን ትኩር ብሎ አያት። ጠላታችን እሱ መሆኑን ያኔውኑ አወቅሁ።

እናቴ የጻፈችውን ወረቀት አላወጣችም። ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ በበረኪና የነጣ ጣቷን እያየች ተናገረች። ከቃለ ጉባኤው እንዳለ እገለብጠዋለሁ።

«ስትወለድ የሆስፒታሉ ካርድ ላይ የተጻፈው የኔ ስም ነው፤ በቃ። ስትከተብ የኔ ስም በቃ። ሰባት ዓመቷ ላይ ትርፍ አንጀቷ ሲፈነዳ ሐኪሙ ‹ልትሞትም ትችላለች፣ ፈቃድሽ ነው?› አለኝ፤ ፈረምኩ፤ ፊርማዬ በቃ። አባቷን ጥሪ ያለኝ ሰው አልነበረም። ትሙት ትዳን ለማለት የበቃ ስም፣ የዚህ አገር ልጅ ናት ለማለት ለምን አነሰ? ይህንን መልሱልኝና እቀመጣለሁ።»

ከዚያ በፊት እናቴን እንዲህ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ማጠቢያው ውስጥ ሁሉም የሚጮኸው ማሽኖቹን ለመብለጥ ነው፤ እዚህ ማሽን አልነበረም፣ እሷም አልጮኸችም።

«እናመሰግናለን፤ ይቀመጡ» አለ ሰብሳቢው።

«መልሱን እየጠበቅሁ ነው።»

ቃለ ጉባኤው «ምስክሯ እንዲቀመጡ ቢጠየቁም ቆመው ቆይተዋል» ይላል። ከሁለት መቶ ምናምን ገጽ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ያደረግሁት ይቺን ገጽ ብቻ ነው።

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። «ልጅቷ ይቺ ናት? ነይ እስቲ የኔ ልጅ። አንቺስ የምትይን ነገር አለ?»

ሰዓቱ ደረሰ አልኩ በልቤ። ተነሣሁ። ማይክሮፎኑ ስለማይደርሰኝ ጠበቃዋ ጎንበስ አደረገችልኝ። ኮሌታዬን ገለበጥኩ።

«ምልክት አለኝ» አልኳቸው። «ሠላሳ አንድ ነኝ። ካልሲዬም ላይ አለ። ያልታወቀ መደርደሪያ ላይ ልታስቀምጡኝ አትችሉም። ብትወስዱኝም የምመለሰው ለሷ ነው።» ከዚያ፣ ከተናገርኩ አይቀር ብዬ፣ «አምባሳደርንስ የት አደረጋችሁት?» አልኩ።

አንዱ አባል ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ «የየትኛው አገር?» ሲል በማይክሮፎን ተሰማ።

ዘመዶቼ እዚህ ጋ ሲደርሱ ሰብሳቢው አለቀሰ ይላሉ። አላለቀሰም። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ ሙቀት ነበር። ጸሐፊዋም የእኔን ንግግር በአራት ቃል ጨርሳዋለች፦ «ሕፃኗም አጭር አስተያየት ሰጥታለች።» እናቴ ብቻ ናት በቁም ነገር የወሰደችው። ወደ ወንበሬ ስመለስ ኮሌታዬን ገልብጣ አየችና፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በሹክሹክታ «ማነው እንዲህ ጠማማ መምታት ያስተማረሽ?» አለችኝ።

ጥበቃው በሩን ከፈተልን። አልያዘኝም። ኮሪደሩን ጨርሰን ደረጃው ጋ ስንደርስ ቆምኩ።

«አልወሰዱኝም?»

«ማን?»

«የፈረሙት። አምባሳደርን እንደወሰዱት።»

ጠበቃዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እናቴ ግን በቀሚሷ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፤ ነጭ ልብስ የምታጥብ ሴት በማንም ጫማ የተረገጠ ደረጃ ላይ አትቀመጥም፣ ስለዚህ ነገሩ ከባድ እንደሆነ ገባኝ።

«ስሚ» አለች። «ያኔ የፈረሙት ውሻው እንዲሄድ ነው። እነዚህ የፈረሙት አንቺ እንድትቀሪ ነው። ፊርማ ለሁለቱም ይሆናል። ማንበብ ትችያለሽ አይደል? ከስምሽ ሥር ምን እንደሚል ለምን አላነበብሽም?»

እውነቷን ነው። ከፎቶዬ ሥር ሁለት አንቀጽ ሙሉ ተጽፎ ነበር። እኔ ፎቶዬንና ፊርማዎቹን ብቻ ነው ያየሁት። ሕግ ማጥናት ከጀመርኩ ወዲህ አንድም ወረቀት ሳላነብ አልፌ አላውቅም፤ ሌሎች ይህን ትጋት ይሉታል።

ከዚያ ዓይኗ ጠበበ። «አራቱ ወረቀቶች የት ናቸው?»

«ያልታወቀ መደርደሪያ። ምልክት የሌለው የትራስ ልብስ ውስጥ።»

ትመታኛለች ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። እሷ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። «ሁለተኛ ስጠይቃቸው ይበልጥ ገባቸው፤ አሥራ ሰባት ሰው ተጨመረልኝ» አለች። «ጉልበቴን ግን ታሺልኛለሽ።» ወር ሙሉ አሸሁላት።

ዘመዶቼ ታሪኩን እዚህ ጋ ይጨርሱታል። ነገሩ ግን ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ወር ፈጅቷል። ኮሚቴው ረቂቁን አዘጋጀ፤ ለሕዝብ ውይይት ለሦስት ወር ተለቀቀ፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች ለየብቻ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ ነበረባቸው፤ ከዚያ ከአሥራ ሁለቱ የአውራጃ ምክር ቤቶች ስምንቱ እሺ ማለት ነበረባቸው። በዚህ መሐል የፈተናው ምዝገባ ተዘጋ። የክፍል ጓደኞቼ ተፈትነው አለፉ፤ እኔ ስድስተኛ ክፍልን ደገምኩ፣ ፈተና ወድቄ ሳይሆን ፈተና የሚያስቀምጠኝ ቁጥር አጥቼ። «ደጋሚ» ያለኝን ልጅ ጥርስ አወለቅሁ። የወተት ጥርስ ነበር።

ስለ ባለ ቀለበቱም ተሳስቻለሁ። ለዓመታት እርሳሴን በስሙ እየጠራሁ ስቀርጸው ኖሬያለሁ። ቃለ ጉባኤውን ሳነብ ግን የመጀመሪያው ረቂቅ ማሻሻያው ከጸደቀ በኋላ የሚወለዱ ልጆችን ብቻ እንደሚያካትት አየሁ። እኔ አልገባም ነበር ማለት ነው። በኮሚቴው ዝግ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ «ያቺ ባለ ኮሌታዋስ? ከዚህ በፊት የተወለዱትም ይግቡ፤ አለዚያ እናቲቱ ተመልሳ ትመጣለች፣ እኔ ደግሞ ሁለተኛ አልችላትም» ያለው እሱ ነው። ኮሌታ የሚል ቃል የለበትም ያልኩት የሕዝባዊ መድረኩ ቃለ ጉባኤ ላይ ነው፤ የዝግ ስብሰባው አባሪ ውስጥ አንድ ጊዜ አለ። ይህንን ለዘመዶቼ አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው አያስቀምጡኝም።

ስምንተኛው አውራጃ ድምፅ የሰጠ ዕለት ማጠቢያው ውስጥ ነበርን። ሬዲዮው እንዲሰማ ጋሽ እንፋሎት ቦይለሩን አጠፋው። በሥራ ሰዓት ቦይለር ማጥፋት ከሥራ ያስባርራል። ማሽኖቹ አንድ በአንድ እያቃሰቱ ቆሙ፤ ምድር ቤቱ ዝም ብሎ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሴቶቹ ከነእርጥብ እጃቸው ሬዲዮውን ከበቡ። የተቃወመው ስንት፣ ድምፀ ተአቅቦ ስንት፣ የደገፈው ስንት ብሎ ሰውዬው ቀስ እያለ አነበበ፤ በጣም ቀስ ይላል። ከዚያ «በመሆኑም ማሻሻያው ጸድቋል» አለ።

«ሠላሳ አንድ!» ብሎ ጋሽ እንፋሎት ጮኸ። ማሽን ስላልነበረ ጩኸቱ አምስተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ ተብሏል። ሃያ ሁለቱ ሴቶች እናቴን አቀፏት፤ እሷ በአንድ እጇ ያጠፈችው አንሶላ እንዳይተራመስ ወደ ላይ ይዛዋለች። ሲለቋት አንሶላውን አስተካክላ ጠርዙ ላይ ቁጥሯን መታች፤ ከዚያ «እሳቱን አቀጣጥሉት እንጂ፣ የአጥንት ክፍል አንሶላ ይጠብቃል» አለች። ድምፅዋ ግን ትንሽ ሰለል ብሏል። አየኋት። ኮራሁባት፤ ይህን ቃል ብዙ አልጠቀምበትም፣ እዚህ ቦታው ነው።

ካርዴን ልናወጣ የሄድነው በሚቀጥለው ወር ነው። አሥራ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። ቅጹ አዲስ ነው፤ ቀለሙ ገና ይሸታል። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሠራተኛ ወጣት ነው፣ አዲሱን ቅጽ ሞልቶ አያውቅም፣ በጣቱ መስመሩን እየተከተለ ያነባል።

«ዜግነቷ በማን በኩል ነው?»

«በኔ» አለች እናቴ።

ሰውዬው ጻፈ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ አፏን ወደ መስኮቱ ቀዳዳ አስጠግታ ደገመችው። «በኔ ነው።»

«ጽፌዋለሁ፣ እናቴ።»

«ይሁን።»

ማኅተሙን አነሣ። እናቴ እጁን ስታየው ትንፋሿን ያዘች። «ቀና አድርገው» አለችው። «ወረቀቱን በግራ እጅህ ወጥረው። እንደሱ። አሁን ምታ።» ወጣቱ ሳቅ እያለ እንዳዘዘችው መታ። ካርዱን በቀዳዳው አሳለፈልን፤ ፎቶዬ፣ ስሜ፣ ከስሜ ሥር የእሷ ስም።

እኔ እጄን ዘረጋሁ። እናቴ ቀደመችኝ። ካርዱን ወደ ብርሃን ይዛ አገላበጠችው፣ አውራ ጣቷን በምላሷ አረጠበችና የማኅተሙን ጠርዝ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አሸችው። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ጣቷን አየች፤ ንጹሕ ነው። ካርዱን አየች።

አልለቀቀም።